የእንጨት ዕቃን በሳሙናና በማጽጃዎች ማጽዳት

የእንጨት ዕቃን ማጽዳት ማለት ጠረጴዛን፣ ቁም ሳጥንን፣ ቡፌን፣ አልጋን፣ በርን፣ የእንጨት ወለልንና የማድ ቤት የእንጨት ዕቃን ከአቧራ፣ ከቅባትና ከእድፍ ማላቀቅ ነው፤ ይህም እንጨቱንም የቤቱንም ሰው ሳይጎዳ መሆን አለበት። እንጨት እንደ ሴራሚክ ወይም እንደ ብርጭቆ ውሃን የሚመልስ ቁስ አይደለም። ስለዚህ ለልብስ ወይም ለሲሚንቶ ወለል የተሠራ ማጽጃ በእንጨት ላይ ሲውል ብዙ ጊዜ ከእድፉ የበለጠ ጉዳት ያደርሳል። በኢትዮጵያ ቤቶች ለዚህ ሥራ በብዛት የሚውሉት የልብስ ሳሙና፣ በተለምዶ «ኦሞ» የሚባለው የዱቄት ሳሙና፣ «ላርጎ» የሚባለው ፈሳሽ ሳሙናና በረኪና ናቸው። አራቱም በእንጨት ላይ የሚያሳዩት ጠባይ እጅግ የተለያየ ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ሁኔታ

ሰበታ በጅማ መንገድ ደቡብ ምዕራብ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ ምዕራብ፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም መንገድ ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ አዲስ አበባን የከበቡ ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ውስጥ ተካተዋል። ሦስቱም ከባህር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። አየሩ ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥብና ቀዝቃዛ ነው፤ ከጥቅምት በኋላ ባሉት የበጋ ወራት ደግሞ ቀኑ ፀሐያማና ደረቅ፣ ሌሊቱ ብርዳማ ይሆናል። እንጨት ይህን ለውጥ እየተከተለ ያብጣል፣ ይኮማተራል። በሐምሌ አልዘጋ የሚለው የእንጨት በር በታኅሣሥ ያለ ምንም ጥገና የሚገጥመው በዚሁ ምክንያት ነው። በክረምት በብዙ ውሃ የታጠበ ዕቃ ሳይደርቅ ቀናት ሊቆይና ሊሻግት ይችላል፤ በበጋ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ደግሞ ላይኛው ገጹ ከውስጡ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

አካባቢው የእንጨት አገር ነው። ከሰበታ ብዙም የማይርቀው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደተጠበቀ የሚነገርለት ሲሆን ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ይገኙበታል። የእንጦጦን ተዳፋት የሸፈነው ባህር ዛፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ተክል ነው። ዛሬ ግን በአንድ ተራ ቤት ውስጥ ያለው «እንጨት» ሁሉ ከግንድ የተሰነጠቀ ጣውላ አይደለም። አልጋው ከዋንዛ ወይም ከባህር ዛፍ፣ የቁም ሳጥኑ ጀርባ ከኮምፔንሳቶ፣ ጎኑና መሠረቱ ከቺፕውድ ወይም ከኤምዲኤፍ ሊሆን ይችላል።

በእነዚህ ቤቶች በጣም የተለመደው ጉዳት የሚመጣው ዕቃው ሲወለወል አይደለም፤ ወለሉ ሲታጠብ ነው። የሲሚንቶ ወለል ላይ ውሃ ከዱቄት ሳሙና ጋር ፈሶ በመጥረጊያ ሲገፋ፣ ውሃው በቁም ሳጥኑና በቡፌው ሥር ይገባል። ቺፕውድና ኤምዲኤፍ በማጣበቂያ የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪና ቃጫ ናቸው፤ ውሃ ከጠጡ ያብጣሉ፣ ሲደርቁም ወደ ነበሩበት ውፍረት አይመለሱም። የአዲስ ቁም ሳጥን መሠረት በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ እንደ ረጠበ ዳቦ ተነፍቶ የሚታየው ለዚህ ነው። ዕቃውን በትንሽ የፕላስቲክ እግር ወይም በጣውላ ቁራጭ ከወለሉ ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ፣ ከማንኛውም ውድ ማጽጃ የበለጠ ዕድሜውን ያራዝማል።

የእንጨት ጠባይ

እንጨት በዋናነት ከሴሉሎስ፣ ከሄሚሴሉሎስና ከሊግኒን የተሠራ ነው። ሴሉሎስ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ክብደት ይይዛል፤ ሊግኒን ደግሞ ቃጫዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዝ ነው። በቃጫዎቹ ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ውሃ እንጨቱን በስፋት ያሳብጠዋል እንጂ በርዝመት እምብዛም አይለውጠውም። ይህ እብጠት የሚቀጥለው የእንጨቱ እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 30 በመቶ ገደማ እስኪደርስ ነው። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ውሃ በቃጫዎቹ ክፍተት ውስጥ ይጠራቀማል፤ እንጨቱ እንዲህ እርጥብ ሆኖ ከቆየ የሚያበሰብሱ ፈንገሶች ይራቡበታል።

ሁለተኛው ነገር ታኒን ነው። በብዙ የእንጨት ዓይነቶች፣ በባህር ዛፍም ጭምር፣ ቆዳ ለማልፋት ከሚያገለግለው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ይገኛል። ታኒን እርጥበት ባለበት ከብረት ጋር ሲገናኝ ሰማያዊ የተቀላቀለበት ጥቁር ቀለም ይፈጥራል። በመሆኑም ድስት በሚፈተግበት ሽቦ እንጨትን መፈተግ ሁለት ጥፋት አለው፤ ገጹን ይቧጭራል፣ የተሰባበሩት ጥቃቅን የብረት ብናኞችም ቆይተው እንጨቱን ጥቁር ነጠብጣብ ያስይዙታል። የረጠበ ጣሳ ወይም ምስማር ያለበት ቦታ ዙሪያው የሚጠቁረውም በዚሁ መንገድ ነው።

በእንጨቱ ላይ ያለው ሽፋን

ማጽጃ ከመመረጡ በፊት መታወቅ ያለበት የእንጨቱ ዓይነት ሳይሆን በላዩ ላይ ያለው ሽፋን ነው። ሽፋኑ ቫርኒሽ፣ ላከር፣ የዘይት ቀለም፣ ሰም ወይም እንደ ፎርማይካ ያለ የፕላስቲክ ልባስ ሊሆን ይችላል፤ ጨርሶ ላይኖርም ይችላል። ጥርጣሬ ካለ ከዕቃው በማይታይ በኩል አንድ ጠብታ ውሃ ይደረጋል። ጠብታው ለጥቂት ደቂቃዎች ክብ ሆኖ ከቆመ ሽፋኑ ደህና ነው። ቦታው ከጠቆረና ጠብታው ከተመጠጠ እንጨቱ ራቁቱን ነው ወይም ሽፋኑ አልቋል፤ እንዲህ ባለ ገጽ ላይ የሚፈስ ማጽጃ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል።

ቫርኒሽና የዘይት ቀለም ቀላል ሳሙናን ይችላሉ። ላከር ግን በቲነር የሚሟሟ በመሆኑ አልኮል የበዛበት የእጅ ማጽጃ ሲፈስበት ይነጣል ወይም ይለጠልጣል። የሰም ሽፋን በሙቅ ውሃና በሳሙና ይነሳል። ፎርማይካ ራሱ ጠንካራ ቢሆንም ጠርዙ ላይ ያለው ስፌት ውሃ ማስገቢያ በር ነው፤ ከሥሩ ያለው ቺፕውድ ሲያብጥ ፎርማይካው ተነቅሎ ይነሳል።

የማጽጃዎች ጠባይ

የአንድ ፈሳሽ አሲድነት ወይም አልካሊነት በፒኤች ይለካል። 7 ገለልተኛ ነው፤ ከዚያ በላይ አልካሊ፣ ከዚያ በታች አሲድ ይባላል። አንድ ቁጥር መጨመር የአልካሊነቱ ጥንካሬ አሥር እጥፍ አደገ ማለት ነው። አልካሊ ቅባትን ይፈታል፣ ለዚህም ጥሩ ማጽጃ ነው፤ ነገር ግን የቫርኒሽንና የዘይት ቀለምን ቅባታዊ አካል በተመሳሳይ መንገድ ያጠቃል፣ ሊግኒንንም ያደክማል።

ደረቅ ሳሙና ስብ ወይም ዘይት ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ተዋሕዶ የሚሠራ ሲሆን በውሃ ውስጥ ፒኤቹ ከ9 እስከ 10 ነው። ካልሲየምና ማግኒዥየም በበዛበት የጉድጓድ ውሃ ሲሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ይህ ዝቃጭ በጥቁር ቡፌ ላይ ደርቆ እንደ አቧራ ይታያል፣ ባለቤቱም አቧራ መስሎት እንደገና በሳሙና ያጥበዋል። የዱቄት ሳሙና ካርቦኔት ስለሚጨመርበት ፒኤቹ ወደ 10 እና 11 ይደርሳል፤ ያልሟሙ ቅንጣቶቹም እንደ አሸዋ ይቧጭራሉ። ለዕቃ ማጠቢያ የሚሠራው ፈሳሽ ሳሙና እጅን እንዳይጎዳ ታስቦ ብዙውን ጊዜ ወደ 7 የተጠጋ ሆኖ ይዘጋጃል። በቫርኒሽ ለተቀባ እንጨት ከአራቱ የሚሻለው እርሱ ነው።

ከፋብሪካ ሳሙና በፊት የነበሩት አመድና እንዶድ ዛሬም በገጠር አልጠፉም። የእንጨት አመድ ውሃ ፖታሲየም ካርቦኔት ስላለበት እንደ ዱቄት ሳሙና ኃይለኛ አልካሊ ነው፤ «የተፈጥሮ» መሆኑ ለቫርኒሽ አይራራለትም። የእንዶድ ፍሬ አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየቱ፣ ተክሉ ለቢልሃርዝያ መከላከያ እንዲጠና ምክንያት ሆኗል። ቀንድ አውጣና ዓሣ የሚገድል ነገር ለምግብ ዕቃ ማጠቢያ እንደማይመረጥ ግልጽ ነው፤ ዱቄቱም አፍንጫንና ዓይንን ክፉኛ ይቆጠቁጣል።

በረኪና

ስሙ ከጣሊያንኛ የተወረሰው በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ውሕድ በውሃ የተበጠበጠበት ፈሳሽ ነው። ፒኤቹ ከ11 በላይ ነው። ቀለምን ያጠፋል፣ ጀርምን ይገድላል፤ በእንጨት ላይ ግን ሊግኒንን እየበላ ገጹን ነጣ ያለና ፀጉራም ያደርገዋል። በሻገተ እንጨት ላይ ሲፈስ ሻጋታው የጠፋ ይመስላል፤ የጠፋው ግን ቀለሙ ሊሆን ይችላል። ክሎሪኑ ላይኛው ገጽ ላይ ሲቀር ውሃው ወደ ውስጥ ዘልቆ ለተረፈው ፈንገስ መጠጥ ይሆንለታል።

ለሰው ያለው አደጋ ግን ከእንጨቱ ይበልጣል። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አሲድ ማለት የሽንት ቤት ማጽጃ ብቻ አይደለም፤ አቼቶና ሎሚም አሲድ ናቸው። ክሎሪን በ1915 እ.ኤ.አ. በቤልጅየም ኢፕር አጠገብ እንደ ጦር መሣሪያ የተለቀቀው ጋዝ ነው፤ በትንሽ መጠንም ቢሆን መስኮት በሌለው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ዓይንና ጉሮሮን ያቃጥላል፣ አስም ላለበት ሰው ሕይወትን እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ወይም ከሽንት ጋር ሲደባለቅ ደግሞ ክሎራሚን የተባለ ሌላ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሕፃን የሸናበትን የእንጨት አልጋ ወዲያው በበረኪና ማጠብ በዚህ ምክንያት ስሕተት ነው፤ መጀመሪያ በውሃና በፈሳሽ ሳሙና መጽዳት አለበት። ጋዙ ከወጣ ማድረግ የሚገባው ድብልቁን ለመድፋት መሞከር ሳይሆን ቤቱን ከፍቶ ወደ ውጭ መውጣት ነው።

ሌላው አደጋ ዕቃ መቀየር ነው። በረኪና በችርቻሮ በተለቀለቀ የውሃ ፕላስቲክ፣ በተለምዶ «ሃይላንድ» በሚባለው፣ ተቀድቶ ሲሸጥ ወይም ሲቀመጥ ከውሃ አይለይም፤ የተጠማ ልጅ አንስቶ ይጠጣዋል። የጠጣ ሰው እንዲያስታውክ አይደረግም፤ ፈሳሹ ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስም ያቃጥለዋልና። አፉ በውሃ ተጉመጥምጦ በቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል፤ ጠርሙሱም አብሮ ቢወሰድ ለሐኪሙ ይረዳል። ዓይን ውስጥ የገባ በረኪና በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል።

አሠራር

መጀመሪያ አቧራው በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይነሳል። በበጋ መንገድ ዳር ባሉ የሰበታና የቡራዩ ቤቶች አቧራው የአሸዋ ቅንጣት ስላለበት፣ በረጠበ ጨርቅ ቀድሞ መወልወል ቫርኒሹን በጭቃ እንደ መፈተግ ነው። ከዚያ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበጠበጣል። ጨርቁ ተነክሮ ውሃ እስከማይንጠባጠብ ይጨመቃል፤ የእንጨቱ መስመር በሚሄድበት አቅጣጫ፣ በትንሽ በትንሽ ቦታ ይወለወላል። በሁለተኛ ጨርቅና በንጹሕ ውሃ ሳሙናው ይነሳል፣ በሦስተኛ ደረቅ ጨርቅ ወዲያው ይደርቃል። ሦስተኛውን ጨርቅ መተው የተለመደ ነው፤ ሥራውን የሚያበላሸውም እርሱ ነው።

ቀላሉ ሳሙና የማያነሳው እድፍ ሲኖር እንደ ዓይነቱ ይታያል። የአልጋ ራስጌ ላይ ከፀጉር ቅቤ የሚቀረው ጥቁር ቅባት በፈሳሽ ሳሙና ደጋግሞ በመወልወል ይለቃል፤ በላምባ ማጽዳት ቶሎ ቢሳካም ሽታው ይቆያል፣ ከሰል ወይም ዕጣን በሚጨስበት ክፍል ደግሞ እሳት ይጋብዛል። የጧፍና የሻማ ሰም ደርቆ ከጠነከረ በኋላ በፕላስቲክ ጠርዝ ይነሳል እንጂ የፈላ ውሃ አይፈስበትም። ጀበና ወይም የሻይ ብርጭቆ የተወው ነጭ ክብ፣ እርጥበት ቫርኒሹ ውስጥ መታሰሩን ያሳያል፤ ብዙ ጊዜ በራሱ እየደረቀ ይጠፋል። ክቡ ጥቁር ከሆነ ግን ውሃው ቫርኒሹን አልፎ እንጨቱን ነክቷል፤ ያኔ ማጽጃ አይረዳም፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ እንደገና መቀባት የአናጢ ሥራ ነው።

በክረምት ከጭቃ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የቆመ ቁም ሳጥን ጀርባው ይሻግታል። ሻጋታው በተጨመቀ የሳሙና ጨርቅ ተወልውሎ ከደረቀ በኋላ ዕቃው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ ካልተደረገ ተመልሶ ይመጣል። በሚጸዳበት ጊዜ አፍና አፍንጫን መሸፈንና መስኮት መክፈት ያስፈልጋል።

ትኋን ያለበት አልጋ ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ የቆየ ዘዴ ነው። በእነዚህ ከተሞች ከፍታ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች፣ 92 ገደማ ላይ ቢሆንም ትኋን ለመግደል ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ውሃው የአልጋውን መገጣጠሚያ ኮላ ማላቀቁ ነው፤ አልጋው ከተፈታ በኋላ ስንጥቁ ብቻ በፈላ ውሃ ተነክቶ፣ ክፍሎቹ ጥላ ውስጥ ሳይጫኑ ደርቀው ቢገጠሙ ጉዳቱ ይቀንሳል።

የምግብ ዕቃዎች

ገበቴ፣ ሙቀጫ፣ የእንጨት ማንኪያና መክተፊያ ቫርኒሽ የላቸውም። የዱቄት ሳሙናና በረኪና ውስጥ ከተዘፈዘፉ ይመጡታል፤ ቀጥሎ ለሚቦካው ሊጥ ወይም ለሚፈጨው ቅመም ይመልሱታል። ለእነዚህ የሚበቃው ሙቅ ውሃ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙናና ብሩሽ ነው፤ ታጥበውም ነፋስ በሁለቱም ገጻቸው እንዲያገኛቸው ቆመው ይደርቃሉ። ሙቀጫ ላይ የቀረ የነጭ ሽንኩርት ሽታ በጨው ይታሻል።

ሥጋ የሚከተፍበት ጣውላ የተለየ ነው። ክትፎና ቁርጥ በሚበላበት አገር፣ ጥሬ ሥጋ የነካው ጣውላ ሰላጣ ከተከተፈበት ተለይቶ መያዝ አለበት። በሳሙናና በሙቅ ውሃ ከታጠበ በኋላ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና (ሽታ ያልተጨመረበት፣ ወደ 5 በመቶ የሚጠጋ) ተበጥብጦ ለጥቂት ደቂቃ ሊቀባና በንጹሕ ውሃ ሊለቀለቅ ይችላል። በረኪና በእንጨት ላይ ተቀባይነት ያለው አንዱ አጠቃቀም ይህ ነው፤ ሳሙናው ሳይለቀለቅ በረኪና ማፍሰስ ግን ኃይሉን ያደክመዋል። ቢላዋ ጥልቅ ጉድጓድ የቆፈረበት ጣውላ በምንም አይጸዳም፤ ይፋቃል ወይም ይቀየራል።

ዘይትና ሰም

ከጽዳት በኋላ እንጨትን በምግብ ዘይት ማሸት ለጊዜው ያበራዋል። የኑግና የሱፍ ዘይት ግን በሚገባ ስለማይደርቁ አቧራ የሚይዝ ማጣበቂያ ይሆናሉ፣ ቆይተውም ይሸታሉ። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ወደ ጠንካራ ሽፋን ስለሚለወጥ በዓለም ዙሪያ ለእንጨት ሲያገለግል የኖረ ነው። በስሱ ተቀብቶ ትርፉ ይወለወላል፤ ለመድረቅ ቀናት ይፈጅበታል። ይኸው መድረቅ ሙቀት ያወጣል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ከተጣለ ሙቀቱ ተጠራቅሞ ያለ ክብሪት በራሱ ሊነድ ይችላል፤ ስለዚህ ጨርቁ ውጭ ተዘርግቶ ይሰጣል፣ ወይም ውሃ ባለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ይደረጋል።